ከመቀሌ ቦሌ ቅርብ፣ ከቦሌ ካዛንቺስ ሩቅ

ይህ የሆነው ለባቡሩ ሐዲድ ሲባል የአዲስ አበባ መንገዶች ተቆፋፍረው በነበረበት ጊዜ ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል።

ካዛንቺስ ወደሚገኘው የፍቅረኛዬ የሰናይት ወላጆች ቤት ሽማግሌ ልልክ ነው። አባቴ በሕይወት ስለሌለ የሽማግሌዎቹ መሪ መቀሌ የሚኖረው አጎቴ ሐጎስ ሆነ። አጎቴ አዲስ አበባ የሚመጣው ሁሌም በአውቶቡስ፣ መንገድ ላይ አድሮ ነበር። በአየር ተራራ መዞር ስለሌለ ርቀቱ እንደሚያጥር፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም እንደማያልፍ ነግሬ አሳመንኩትና በቀጠሮው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ተሳፈረ።

አውሮፕላኑ በሰዓቱ አረፈ። አጎቴ ግን ብቻውን አልወጣም። አጠገቡ ተቀምጠው የመጡ አንድ ጠና ያሉ ሰው አስከትሏል። እሳቸውም የሚሄዱት ካዛንቺስ ስለሆነ እናድርሳቸው አለኝ። ቅር እያለኝ በተከራየሁት ላዳ አሳፈርኳቸው።

ኦሎምፒያ ስንደርስ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ባለ ታክሲው ሞተሩን አጠፋ። የሰናይት አባት በቀጠሮ ቀልድ አያውቁም፤ ያለ ታላቅ ወንድማቸው ፈቃድም ልጅ አይድሩም ተብያለሁ። ላብ በላብ ሆንኩ። አጎቴ ግን ከመቀሌ ለመምጣት የፈጀበትን ያህል ጊዜ እዚሁ ቆምን እያለ ይስቃል።

ለካ አውሮፕላን ላይ የልጅነት ጉዴን በሙሉ ዘርግፎላቸዋል። አሁን ደግሞ የምንሄደው የአቶ ተስፋዬን ልጅ ልንጠይቅ እንደሆነ ነገራቸው።  ሰውየው ወደ እኔ ዞሩና ሥራዬን ጠየቁኝ፤ መጠጥ አበዛ እንደሆነም ጠየቁ። እኔ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ስለሆነ እየቆራረጥኩ መለስኩላቸው።

«ልጅቷን ምኗን ወደድክላት?» አሉኝ።

«ስናደድ ታስቀኛለች» አልኳቸው። አሳምሬ ለመናገር ፋታ አልነበረኝም።

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «ተስፋዬ፣ እኔ ሳልደርስ ማንንም እንዳትመልስ። የሽማግሌዎቹ መሪ አጠገቤ ነው። ልጁም እዚሁ አለ።»

የአባትየው ታላቅ ወንድም ነበሩ። አጎቴ አፉን ይዞ ቀረ። እኔ በሩን ከፍቼ መውረድ አማረኝ። ቀድሞ የሳቀው ባለ ታክሲው ነው፤ ከዚያ ሁላችንም ተከተልነው።

ካዛንቺስ ስንደርስ ሰውየው ቀድመው ገቡ። አጎቴና ሰፈር ውስጥ ሲጠብቁት የቆዩት ሽማግሌዎች ኋላ ተከትለው በሩ ላይ ቆሙ። የሆነውን አጎቴ ማታ እንደነገረኝ፣ ሰውየው ፈጽሞ እንደማያውቁት ሆነው ከየት እንደመጣ ጠየቁት፤ እሱም ኮስተር ብሎ ስሙን ከነአያቱ ተናገረ። አባትየው እንደ ደንቡ ሌላ ቀጠሮ ሊሰጡ ሲሉ ታላቅ ወንድማቸው አቋረጧቸው።

«መንገዱን አይቼዋለሁ። እነዚህን ሰዎች ዳግም አላመላልሳቸውም» አሉ።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን። ሰናይት መንገዱ ባይዘጋም እሺ ይሉ ነበር ትላለች። ይሆናል። እኔ ግን ስለዚያ ዘመን መንገድ የሚያማርር ሰው ሲገጥመኝ አብሬው ማማረር አልችልም።