በሹሩባ ሠሪዋ ጣቶች ላይ የፈረድነው

ሐኪሙ የሚያመኝን አውራ ጣቴን ይዞ በቀስታ ሲያጥፈው ቋ አለ። ንስሐ አባቴ ፊት የቆምኩ ያህል ደነገጥኩና፣ «ልጅ ሳለሁ ጣቴን አንቋቋ ነበር ዶክተር፤ ሳልነግርህ እንዳልቀር» አልኩት።

ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ሳቀ።

«እሱ ምንም አያደርግዎትም እህቴ። ሲንቋቋ እስካላመመዎት ድረስ ድምፅ ብቻ ነው። መገጣጠሚያው መሃል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለ አየር ነው የሚጮኸው። አጥንት አይጎዳም፤ ይህን ሕመምም አያመጣም።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ጥያቄ ከአፌ ወጣ። «ሁለቱም እጆቿ ጠዋት ጠዋት የሚያብጡባት፣ ማበጠሪያ መጨበጥ የሚያቅታት ሴትስ?»

«ሳላያት ይህ ነው አልልም» አለ ካርዴ ላይ እየጻፈ። «ግን እሱ ሌላ ሕመም ይመስላል። ሰው በራሱ ላይ የሚያመጣው አይደለም። በጊዜ ብትታከም ይረዳት ነበር።»

ወጥቼ ከጤና ጣቢያው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። የአርባ ምንጭ ፀሐይ እንደ ልማዷ ታነዳለች። እኔን ግን የሸተተኝ ዝናብ የመታው ድንጋይና የጸጉር ቅቤ ነው። መቀሌ፣ ነሐሴ ወር፣ የልጅነቴ ግቢ።

ግቢያችን ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ነበር። በአንድ የድንጋይ አጥር ውስጥ አምስት ቤተሰብ እንኖር ነበር። ዳር ላይ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ከወሎ የመጣች ሙስሊም ሴት ነበረች፤ ሹሩባ ሠሪ። የፍልሰታ ጾም ተፈቶ ለአሸንዳ ጨዋታ የምንወጣ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሁሉ፣ ጸጉራችን በእሷ እጅ ሳያልፍ በዓሉ በዓል አይሆንልንም ነበር።

ከመጀመሯ በፊት «ቢስሚላህ» ትልና አሥሩን ጣቶቿን አንድ በአንድ ታንቋቋቸዋለች። ያ ድምፅ ከጀርባዬ ሲመጣ አንገቴን ሽምቅቅ ያደርገኛል፤ ደስታ ነው። እኛም ከእሷ ተማርን። ቤት ውስጥ ስንሞክረው እናቴ፣ «ተዪ ጓለይ፣ ልጄ! ስታረጂ ብርጭቆ መያዝ ያቅትሻል!» እያለች እጄን ትመታኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ክረምት የሹሩባ ሠሪዋ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ነክራ አያታለሁ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። የግቢው ሴቶች ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ስታንቋቋቸው ኖራ አሁን እንታይ ይደረግላት? ራሷ ናት የሰበረቻቸው» ተባለ። ምክንያቱን ስላወቅነው፣ ወይም ያወቅነው ስለመሰለን፣ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ያለ ሰው አልነበረም።

እኔ ያኔ ጾሜን የማላጎድል፣ ሰው ሲያጠፋ አይቼ ዝም የማልል ልጅ ነበርኩ። አሮጌ ነጠላ ቀደድኩና ማታ ማታ እየሄድኩ ጣቶቿን አንድ በአንድ እጠቀልልላት ጀመር፤ እንዳታንቋቋቸው። እሷም እጇን ዘርግታ ትሰጠኛለች።

«አሥሩንም ሞሸርሻቸው አይደል?» ትለኛለች እየሳቀች። «ሚዜያቸው ማን ሊሆን ነው?»

«አትሳቂ፤ ማይልኝ። አላንቋቋም በይ።»

«ወላሂ፣ አላንቋቋም። አብሽሪ።»

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ደጃፏ በልጆችና በእናቶች ተሞላ። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር አጥሩ ይጤሳል። ጨርቆቹን ፈትታ ሚዶዋን አነሳች፤ ወደቀባት። ደግማ አነሳች፤ አሁንም ወደቀ። ከዚያ ሳታስበው ይመስለኛል፣ ግራ እጇን በቀኟ ያዘችና ቋ፣ ቋ አደረገቻቸው።

እኔ ተነስቼ ጮህኩ። «ምለሽልኝ አልነበር! እግዚአብሔር የሰጠሽን እጅ ራስሽ ሰበርሽው! የራስሽ ጥፋት ነው!»

አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ተነሳች። «እኛ እንኳ ሌላ ቦታ እንሞክር» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። ሌላዋ ተከተለቻት። ጥቂት ቆይቶ ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «እውነትሽን ነው ልጄ» አለችኝ። «እኔው ነኝ ያመጣሁት። ነይ ተቀመጪ።»

ጉልበቷ መሃል ተቀመጥኩ። በሌላ ጊዜ አንድ ሰዓት የማይፈጅባት ሹሩባ እስኪመሽ ቆየ። በየመሃሉ ታቆምና ጣቶቿ ላይ እፍ ትልባቸዋለች፤ ትንፋሿ አንገቴን ይነካኛል። አንድም ጊዜ አላንቋቋቻቸውም።

ሹሩባው ግን ላልቶ ነበር። በማግስቱ እናቴ፣ «እንዲህ ሆነሽማ ከበሮ ፊት አትቆሚም» ብላ ታች ሰፈር ያለች ሌላ ሴት ዘንድ ወሰደችኝ። እኔም እሺ ብዬ ሄድኩ። ስንመለስ ሹሩባ ሠሪዋ ደጃፏ ላይ ነበረች። አዲሱን ሹሩባዬን አየችው።

«ያምራል የኔ ዓለም» አለችኝ። «ቀጥ ያለ ነው።»

ሥራው አልተመለሰላትም። መስከረም ሳያልቅ ዕቃዋን በአንድ ማዳበሪያ ቋጥራ እህቷ ወዳለችበት ወደ ኮምቦልቻ ሄደች። ግቢውን እየዞረች ስትሰናበት እጆቿን ከሻርፗ ውስጥ አላወጣቻቸውም። ጉንጬን ብቻ ስማኝ ወጣች።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። ያን ቀን ከጤና ጣቢያው ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «እግዚአብሔርስ ይቅር ይላል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ራሷን ስትወቅስ ትኖር ይሆናል፤ አስነግሪላት» አሉኝ።

እኔ ሩቅ ነኝ፤ አድራሻዋንም አላውቅም። ስለዚህ ያን ክረምት በዚያ ግቢ የነበራችሁ እናቶች፣ አብራችሁኝ ተራ ስትጠብቁ የነበራችሁ እኩዮቼ፣ ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ሂዱላት። በስልክ አይሁን። ልጆቿ ካሏት ልጆቿን፣ ጎረቤቶቿንም ጥሩልኝ። ከዚያ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ንገሩልኝ፤ እኔ የወቀስኳት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነበርና።