በሚካኤል ዕለት የታረሰው መሬት

በቅርቡ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አክስቴ ስለ አባቴ ስታወራ ሰማኋት። በደርግ ጊዜ የወንዙ ዳር መሬታችን ሊወሰድ ሲል አባቴ በጸሎቱ አስጣለው አለች። ሰዉም አመናት። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዝም አልኩ። እዚህ ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም። መሬቱን ያስጣሉት እናቴና አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው።

እኛ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው ቆላ እንኖር ነበር። አባቴ አንድ በሬ ብቻ ነበረው፤ ጎረቤታችንም አንድ። ሁለቱን በሬዎች ጠምደው በየተራ ያርሱ ነበር። መቀናጆ ይባላል። በእኛ በዓላት እሱ ያርሳል፣ ዓርብ ዓርብ እኛ እናርሳለን። ለዓመታት በዚህ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። የነፍስ አባታችን አንድ ቀን ነገሩን ቢያነሡበት ጎረቤታችን፣ "አባ፣ የወዳጄን በሬ ክርስትና ያነሣው ማነው?" ብሎ እሳቸውንም አስቋቸዋል።

ከዚያ በአንድ መስከረም በረዶ ወርዶ ማሽላውን ደበደበው። በእኛ አገር በረዶ ሲወርድ በዓል የሻረ ሰው ይፈለጋል። የአባቴ እኅት፣ ይቺው አክስቴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሳትወጣ፣ "የወንድሜ በሬ በየበዓሉ ሲያርስ እያያችሁ ሌላ ማን ትፈልጋላችሁ?" አለች።

ባሏ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። እሑድ እሑድ ሰዉን ከነበሬው አስወጥቶ የማኅበሩን እርሻ የሚያሳርሰው እሱ ነው። በዚያ እርሻ ምክንያት በረዶ ወረደ ያለ ሰው የለም። ቄሱም አልተናገሩም።

አክስቴ የወንዙ ዳር መሬታችንን ትፈልገው ነበር። አያቴ ለወንድ ልጁ ሲሰጥ ለሷ ምንም አልሰጣትም። በደል ነው፣ አልክድም። ግን የበደላት አያቴ እንጂ እናቴ አይደለችም።

የነፍስ አባታችን አባቴን፣ "መቀናጆውን ካልተውክ ስትሞት አልፈታህም" አሉት። አባቴ ተወ። ጎረቤታችን በሬውን ይዞ ሄዶ ከዘመዱ ጋር ተቀናጀ። የእኛ በሬ ብቻውን ቀረ። አባቴ ቤት ለቤት ቢለምን ከበረዶው በኋላ ከሱ ጋር የሚቀናጅ ጠፋ። ይሄኔ ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ፣ ክረምት እስኪገባ ጦም ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል ብሎ ተናገረ። የማንን መሬት እንደሚል ሁሉም ያውቃል።

"ሂድና ከሰውየው ጋር ታረቅ" አለችው እናቴ።

"ሳልፈታ ልቀበር?"

"ሳትበላ ከምትቀበር ይሻላል።"

አልሄደም።

ዝናቡ ዘግይቶ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ጣለ። ጧት አባቴ ሊያስቀድስ ሄደ። እናቴና እኔ በረት ስንጠርግ ጎረቤታችን የራሱንና የዘመዱን በሬ ጠምዶ ከአጥራችን ውጭ ቆመ።

"እትዬ፣ ወዳጄ የለም?"

"ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው።"

"በኔ ቤት ማክሰኞ ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ማረሻ አያስገባም። እናንተ እጃችሁን አታስገቡ።"

እናቴ ገብታ ዘሩን በቁና ይዛ ወጣች። በእጁ ግን አልሰጠችውም፤ አጥሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"እኔ አልሰጠሁዎትም" አለች።

"እኔም ከእርስዎ አልተቀበልኩም" አለና አነሣው።

መሬቱ ትንሽ ስለነበር ቀትር ሳይሆን ዘሩን በትኖ አርሶ አለበሰው። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አክስቴ ከእርሻው ዳር ቆመች።

"እናትሽ የት ነች?" አለችኝ።

"ቤት።"

"ጎሽ፣ ትቀመጥ" ብላ ሄደች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀ መንበሩ መሬቱን ማን እንዳረሰው ጠየቀ። አባቴ ተነሥቶ፣ "እኔ" አለ።

"መቼ?"

"ሲዘንብ።"

ሰዉ ሳቀ። የተዘራ መሬት አይወሰድምና ነገሩ በዚያ ቀረ። አክስቴ ግን ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች። "ወንድሜ በሚካኤል ከኔ ጋር ሲያስቀድስ ነበር፤ ያሳረሰችው ሚስቱ ናት" አለቻቸው። ይሄም እውነት ነው። በማኅበሩ ዘንድ ያረሰው አባቴ ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ያረሰችው እናቴ። መሬቱ የሱ፣ ኃጢአቱ የሷ። አባቴ በስብሰባው ላይ ያወጣውን ድምፅ ቄሱ ፊት አላወጣውም።

እናቴ ንስሐዋን ተቀብላ ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸመች። የማርያም ማኅበር ሴቶች ግን ተራዋን ዘለሉባት። አክስቴ ከመካከላቸው ነበረች። በየወሩ ጽዋው በአጥራችን ሥር ወደ ሌላ ቤት ያልፋል። አባቴ የራሱን ማኅበር ሊጠጣ ሲወጣ፣ "ታገሺ፣ ይረሱታል" ይላታል። ማሽላው ሲደርስ ለጎረቤታችን ያሸከመችኝ እናቴ ናት። አባቴ ሰውየውን በመንገድ ሲያገኘው ሰላም ብሎት ያልፋል። ከዚህ በላይ ስለ አባቴ አልጽፍም።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ የሊቀ መንበሩ ጉልበት ሲደክም፣ ሴቶቹ ጽዋውን ይዘው ቤታችን መጡ። አክስቴ ከፊት ነበረች። እናቴን "እኅቴ፣ ተራሽ ነው፤ ተቀበይን" አለቻት።

እናቴ ደጃፉ ላይ ወደተቀመጠው አባቴ ዞረች። "በመጀመሪያ መሬቱ እንዴት እንደታረሰ ይንገራችሁ።"

ሁሉም አባቴን አዩት። እሱ የማረሻውን እርፍ እየጠረበ ነበር።

"ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል?" አለ ቀና ሳይል።

"እንግዲያው ጽዋችሁን ውሰዱ" አለች እናቴ።

አክስቴ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፈነችው። ሴቶቹ አንድ በአንድ በአጥሩ በር ወጡ። አባቴ አልሸኛቸውም፤ እናቴም ወደ ውስጥ ገባች።