ለሴት የተያዘው ወንበር

ለክልሉ ምክር ቤት የተጠቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ ስሜን ሰርዘው የሚስቴን ጻፉበት። በደሉ ይኸው ነው።

መቂ ላይ ለዓመታት የመስኖ ተጠቃሚዎች ሰብሳቢ ነበርኩ። ቦይ ሲደፈን ቀድሜ ጭቃ የገባሁት፣ ደላላ በሽንኩርት ዋጋ ሲቀልድብን አይሱዙው ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው። የተማርኩትም ምክር ቤት ቆሜ የውሃችንን ነገር ከወረቀት ላይ ላነብ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አዳማ ካለው የፓርቲያችን ቢሮ ተጠራሁ። ኃላፊው ሻይ አዘዘልኝና፣ "ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት። የእናንተ አካባቢ ወንበር ዘንድሮ ለሴት ተይዟል" አለኝ።

"ያንተስ?" አልኩት። እሱም ዕጩ ነበርና።

"የኔ ሌላ ነው።"

ሌላ ነው! ሴቶች ይግቡ ከተባለ ይግቡ፤ አይግቡ አላልኩም። ግን ቦታ ሲለቀቅላቸው የሚነሳው ከላይ የተቀመጠው አይደለም፤ ዘግይቶ የተማረው ገበሬ ነው። ይህን ያኔም ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ልጅ ለትዳር የሚጠይቁ ይመስል ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በሩ ላይ ቆመው "እሺ ካላልከን አንቀመጥም። ሚስትህን ለዕጩነት ስጠን" አሉኝ። ሚስቴ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት። ገበያ ላይ ቲማቲም ትሸጣለች፣ ሰው ይወዳታል። እኔም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

"ትግባ። የምትናገረውን ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ቃላችን ነው" አሉና ተቀመጡ፤ መረቁኝም። እሷ ጓዳ ነበረች። አራት ወንዶች ነበርን፤ የጠራት የለም።

ለምርጫ ቅስቀሳው ስብሰባ አራት ገጽ ጻፍኩላት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። መድረክ ላይ ወጣች፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ ቦዩ ሁለት ቃል ተናገረች። የቀረውን ሰዓት፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ ባጃጅ ውስጥ ስለሚወልዱ ሴቶች ነበር የምታወራው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠ የሽንኩርት ደላላ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና፣ "ሰብሳቢ፣ እንግዲህ ወጥ መሥራት ተለማመድ" ብሎ ሳቀብኝ።

መረጧት።

ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። "ቃሉ ፈርሷል። ቃለ መሐላ ሳትፈጽም ወንበሩን ትልቀቅ" አልኳቸው። አስጠሯት።

"ልጃችን፣ ለባልሽ ቃል ገብተንለት ነበር" አሉ ትልቁ።

"አባቶቼ፣ ቃል የገባችሁት እናንተ ናችሁ። እንግዲያው ምክር ቤት ግቡና የጻፈውን አንብቡለት።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

"ሦስት ቀን ሙሉ ስትጽፍ ሻይ አቀርብልህ ነበር። አንድ ጊዜ፣ 'አንቺስ ምን ማለት ትፈልጊያለሽ?' ብለኸኛል?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና፣ "እሷን ሳንጠይቅ ቃል መግባታችን ጥፋቱ የእኛ ነው። ወንበሩ የእሷ ነው" ብለው ፈረዱ። ስለ እኔ ድካም አንድም ሰው አላነሳም። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ዝም ስል በሽምግልናው ወረቀት ላይ ተስማማ ብለው ጻፉ፤ እኔም በተማርኩት ፊደል ፈረምኩ። ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን፣ ሰኞ።