አቀበቱን አስበሃል?

ኅዳር ነበር። ቆላው ዝናቡን ጨርሶ፣ ሣሩ ግን ገና ሳይቃጠል ከሰው ቁመት በላይ የቆመበት ወቅት። እናንተ ልጆች ስለ አደን ስትጠይቁኝ አንበሳ እንዳወራላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ የእኔ ግን የከርከሮ ነው። ከርከሮ ቢገድሉት አይፎከርበት፣ ቢያርዱት አይበላ። ለእኔ ዓይነቱ አዳኝ የሚመጥነው እሱ ነው።

የወረድነው እኔና ዘለቀ ነን። ዘለቀ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ በሠርጌ ሚዜዬ የነበረ ሰው ነው። ዱካ በማንበብ እሱን የሚያህል አላየሁም። ከእኔ ጋር በአማርኛ ይቀልዳል፣ ለአውሬ ሲያደባ ግን በእናቱ ቋንቋ፣ በአገውኛ ያንሾካሹካል። «ምን እያልከው ነው?» ስለው «አትፍራ፣ ያ ታከለ አይመታህም እያልኩት ነው» ይለኛል።

ከሽንዲ ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ባለች መንደር ከርከሮ ማሽላቸውን እየፈጀ ቢያስቸግራቸው «ኑልን» ብለው ላኩብን። እኔ በዚያች አሮጌ ባለ ፎር ዊል መኪናዬ እመካ ነበር፤ በተለይ የናፍጣ በመሆኗ። «ቤንዚን የጎረምሳ ነው፤ ናፍጣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ሩቅ ያደርሳል» እያልኩ ከፍኖተ ሰላም ጀምሬ ዘለቀን አሰለቸሁት። ማደያ ተሰልፌ ያገኘሁት ታንከሩን ከሩብ ከፍ አደረገልኝ፤ በዚያ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን ሞልቼ ከኋላ አሰርኩ።

ከሽንዲ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። እኔ ብልጥ ነኝና ማርሽ ፈትቼ መኪናዋን በገዛ ክብደቷ ለቀቅኳት። ፍሬኑ ቢሸትም የነዳጅ መለኪያዋ ቀስት ንቅንቅ አላለችም። እንዲያውም መኪናዋ አፍንጫዋን ስትደፋ ቀስቷ ከፍ ያለች መሰለኝ።

«ይች መኪና እየሄደች ነዳጅ ትወልዳለች እንዴ?» አለኝ ዘለቀ።

«አነዳድ ነው» አልኩት።

መንደሯ ስንደርስ የወፍጮ ቤቷ ወይዘሮ እታገኝ ተቀበለችን። «አያ ታከለ፣ እንኳን ደህና መጡ። ከርከሮው ያስተረፈልንን ደግሞ ወፍጮው እምቢ አለን። ናፍጣ ካጣን ሰነበትን። ሴቱ ሁሉ እህሉን በጀርባው አዝሎ ሽንዲ ድረስ ይወጣል።»

በእኛ አገር ሰው «ስጠኝ» አይልም። ችግሩን ይነግርህና ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። እታገኝም ወደ ጀሪካኑ ዞር ብላ አላየችም፤ ስለ ልጆቼ ጤንነት ትጠይቀኝ ጀመር። ዘለቀ ጠጋ ብሎ «አቀበቱን አስበሃል?» አለኝ። ጣቴን ወደ ቀስቷ ቀሰርኩለት። ጀሪካኑን ፈትቼ ሰጠሁ። ወፍጮው ዱክ ዱክ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም ራሴን ደጃዝማች አደረግሁት። ወፍጮው ሲፈጭ አደረ።

በማግስቱ ጠሉ ሳይረግፍ ወጣን። ሣሩ ላይ ያለው ጠል ተራግፎ ጥቁር መስመር ሠርቷል፤ ጭቃው ላይ የሰኮናው ምልክት ገና እርጥብ ነው። ዘለቀ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካውና «ሽማግሌ ነው። እንዳንተ ግራ እግሩን ይጎትታል» አለኝ።

ዱካው ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አለቀ። ከርከሮ ጉድጓዱ የሚገባው በኋላው ነው፤ ስለዚህ ሲወጣ የሚቀድመው ጥርሱ ነው። ይህን ያስተማረኝ ዘለቀ ነው፤ እሱም እንደ ደንቡ ምንሽሩን ይዞ ከጉድጓዱ አፍ ገለል ብሎ ቆመ። ጉድጓዱ ግን ሣር የሸፈነው ሌላ አፍ ነበረው። ዘለቀ የቆመው እሱ ላይ ነው።

አፈሩ ፈነዳ። ዘለቀ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደቀ። ከርከሮው ዞሮ አየኝ፤ ያን ያህል ቀርቦ በንቀት ያየኝ ፍጡር ከባለቤቴ በቀር አላውቅም። ተኮስኩ፤ የዋንዛ ግንድ አቆሰልኩ። እሱም ለጥርሱ የማልበቃ መስዬው ይሆናል፣ አጠገቤን አልፎ ሣሩ ውስጥ ጠፋ።

የዘለቀ ጭን ተተልትሏል። ደሙ እየዘለለ ይወጣል። በጋቢዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

«ከሞትኩ በከርከሮ ሞተ እንዳትል» አለኝ። «ጎሽ በል።»

«አትሞትም።»

«እሺ አልሞትም። ግን ጎሽ በል።»

የመንደሩ ሰው አንሥቶ መኪናው ውስጥ አጋደመልን። እታገኝ ራሱን ደግፋ ተቀመጠች። ከሽንዲ ጤና ጣቢያ ብንደርስ ደሙን ያቆሙልናል። ትናንት ሳልነዳ የወረድኩትን መንገድ አሁን በአንደኛ ማርሽ፣ በፎር ዊል፣ ድንጋይ በድንጋይ ጀመርኩት። ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መንገዱ አያጥርም። መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና ባደረገች ቁጥር ቀስቷ ዓይኔ እያየ ወደቀች። የሽንዲ ባሕር ዛፍ ከላይ ይታየናል። መኪናዋ ደጋግማ አስነጠሰችና ቆመች።

የቆላው መንገድ የሞተር ሳይክል መንገድ ነው። አንዱ መጥቶ ቆመ፣ ሌላውም ተከተለ። ዘለቀን ሲያዩ ሁሉም ቤንዚን የተሞላ የውሃ ፕላስቲክ አወጡ።

«አባባ፣ ይውሰዱ» አለኝ አንዱ።

«የናፍጣ ናት፣ ልጄ።»

«ትንሽ ቢቀላቀልስ?»

«ከምኑ ጋር? ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ የለም።»

ሞተር ሳይክል ላይ ልናስቀምጠው ሞከርን፤ ቀና ስናደርገው ደሙ እንደ ገና ተፈታ። መልሰን አስተኛነው። አንዱ ልጅ ወደ ሽንዲ፣ አንዱ ወደ ወፍጮው በረረ። እኔ በቤንዚን ፕላስቲክ ተከብቤ ቆሜያለሁ። ወደ ሽንዲ የሄደው ባዶውን ተመለሰ። ከታች የመጣው ከወፍጮው ሞተር ያንጠፈጠፉትን ናፍጣ ይዞልኝ ደረሰ።

የናፍጣ መኪና አንዴ ከደረቀች አየር ትስባለች፤ ነዳጅ ብትጨምሩላትም አየሩ በእጅ ፓምፕ ካልወጣ አትነሣም። ቦኔቱን ከፍቼ ፓምፑን እየገፋሁ፣ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ ስጠብቅ፣ ዘለቀ በአገውኛ አንድ ነገር ሲናገር ሰማሁ። ቋንቋውን ከእኛ የሚያውቅ የለም። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሣ።

«አያ ታከለ» አለችኝ እታገኝ። «ያጥፉት።»

ለቅሶው ላይ ጎሽ ነው አልኩ። አልቃሿም ለጎሹ ቀንድ አውጥታለት በግጥም አሳመረችው። ዛሬ ለእናንተ ከርከሮ ያልኩት፣ ጎሽ የሚፈራ ሰው ከርከሮን ስለሚንቅ ነው። ዘለቀ ይቅር ይበለኝ።

በተዝካሩ ቀን የዚያች መንደር ሰዎች ያንን አቀበት በእግራቸው ወጥተው መጡ። እታገኝ አንድ አቁማዳ ዱቄት አምጥታ ነበር። «በዚያ ናፍጣ የተፈጨ ነው» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዱቄቱ የተጋገረው ሲቀርብልኝ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር። እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ ያልወረደው መጣፈጡ ነው።

እናንተ ወደ ቆላ ስትወርዱ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ትሉኛላችሁ። መውረጃውን አትቁጠሩት። መውጫውን ቁጠሩ፣ ያውም ሰው አጋድማችሁ። ቆላው የሚጠጣው ቤንዚን መሆኑን እያወቃችሁ በናፍጣ ከወረዳችሁ፣ ከማንም እንደማትበደሩ ሆናችሁ ውረዱ። የወፍጮውንም ጨምራችሁ ያዙ፤ «ስጡን» የሚላችሁ የለም፣ እናንተም እምቢ አትሉም።

እኔ አሁንም ያችኑ መኪና እነዳለሁ። ከኋላ ሁለት ጀሪካን አለ፤ አንዱ የአቀበቱ፣ አንዱ የወፍጮው። ከሽንዲ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ አልፈታም። ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞር እልና «አስቤያለሁ» እላለሁ። እንዲህ ያለ አነዳድ ምን እንደሚባል ተሳድቦ የሚነግረኝ ግን የለም።