የፊት ፍሬኑን የያዘው ጠፍር

ልጄ ሞተር ሳይክል የተሰጠው ቀን ጎረቤት ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ሰጋሁ። መሥሪያ ቤቱ ቡና እንዲመረምር ከጅማ እስከ አጋሮ፣ አንዳንዴም እስከ ጌራ ይልከዋል። ሞተሩ ደግሞ ከእሱ በፊት ሦስት ሰው የነዳው አሮጌ ነው። ከሦስቱ ስንቱ በሕይወት እንዳለ ጠየቅሁት። ሁሉም አሉ፣ አንዱ እንዲያውም ወፍሯል አለኝ። አላመንኩትም።

ከአንድ መሪጌታ ክታብ አጻፍኩለት። አንገቱ ላይ እንዳላስርለት ጊዜው የደርግ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ክታብ አንጠልጥሎ ቢገኝ በስብሰባ ኋላ ቀር ተብሎ መሳቂያ ይሆናል። እሱም እሺ አይለኝም። ስለዚህ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሞተሩ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ከፊት ጎማው መሐል ካለች አንዲት የብረት ክንድ ጋር ክታቡን በእርጥብ የቆዳ ጠፍር ሰባት ጊዜ ጠመጠምኩት። እንዳይወድቅ ብዬ ክንዷን ከጎኗ ካለው ዘንግ ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኳት፤ እንዳይታይም ጭቃ ለቀለቅሁበት። ክንዷ የፍሬን መሆኗን እኔ በምን አውቄ።

ከሁለት ቀን በኋላ የፊት ፍሬኑ እየያዘ አላስኬድ አለው። ያልተገራ በሬ እንደ መጎተት ነው አለኝ። ጎማው መሐል ያለው ብረት እጅ ያቃጥላል። መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው መካኒክ ሲወስደው ግን መንገድ ላይ የጅማ ዝናብ ይወርድበታል፤ መካኒኩ አንስቶ ሲያሽከረክረው ጎማው ዘፈን እንደያዘው ሰው ይዞራል። ጤነኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ያዘ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው መካኒኩ፣ ሞተሩ ሳይሆን አንተ ነህ መታየት ያለብህ አለው።

ልጄ ቡና ወደሚመረምርባቸው ማጠቢያ ጣቢያዎች ሁሌ አርፍዶ ይደርስ ጀመር። አለቃው በስብሰባ ላይ አሻጥር ነው አለ። ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው አንዴ ከተጻፈበት የሚያጠፋለት አያገኝም። አንድ ቀን ቢደግም እንደሚጻፍበት ተነግሮት መጣ። ምሳውን ሳይነካ ተነሣ።

እኔም አልጋዬ ላይ ዘፍ አልኩ። ጠዋት የአልጋዬ ጠፍር ረግቦብኝ ውሃ አርከፍክፌ ፀሐይ ላይ አውጥቼው ነበር። ስቀመጥበት ከበሮ ሆኗል። ጠፍር ሲረጥብ ይላላል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ሰባቱ ዙር ታወሱኝ።

ፀሐዩ እንደከረረ ልጄ ሞተሩን እየገፋ፣ እኔ ምስጢሬን እንደያዝኩ እየተከተልኩ መካኒኩ ጋ ደረስን። ልጄ አለቃውን የአንድ ሰዓት ፈቃድ ሊለምን ሄደ። መካኒኩ የሞተሩን ፊት ሳጥን ላይ አሳርፎ ጎማውን ቢያሽከረክረው ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ። ብልሽቱን በዓይኑ ስላየ ደስ ብሎት መፍቻ አነሣ።

"አትፍታው የኔ ልጅ" አልኩት። "ውሃ አፍስስበት።"

"አዴ፣ ይሄ እኮ ሞተር እንጂ ጎመን አይደለም።"

አዴ ያለኝ እናቴ ማለቱ ነው፤ ለሽበቴ ብሎ አንድ ጣሳ አፈሰሰ። ሲጋራውን እስኪጨርስ ጠብቀን ሲያሽከረክረው ጎማው ዞረ። ጣሳውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እኔ ዓይኔን ከጭቃው መንቀል አቅቶኛል፤ ዓይኔን ተከትሎ ጎንበስ አለና ጭቃውን በጥፍሩ ፋቀ።

"ይሄን ያሰረው ሰው ልጅዎን ይጠላዋል?"

"እናቱ ነኝ" አልኩት።

መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። የአሻጥሩን ነገር ስነግረው ሳቁን አቆመ። ቁልቁለት ላይ ድንገት ጎማውን ቢይዘው ኖሮ ልጄን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለው እንደነበር ነገረኝ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠፍሩን ቆርጦ ሰጠኝ። ክታቡን ከኮርቻው ሥር በክር አሰረና፣ እዚህ ማንንም አይይዝም አለኝ። ለአለቃው፣ "የፊት ፍሬኑ ክንድ ቆዳ ጠልፎት አልመለስ ብሎ ነበር፤ ጥፋቱ የነጂው አይደለም" ብሎ ጻፈ። ማኅተም ስለሌለው ዘይት የነካ አውራ ጣቱን አተመበት። አለቃው ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና ነገሩን ተወው።

ልጄ በማግስቱ ሞተሩን አስነሥቶ ሲሄድ አቧራው እንጂ እሱ አልታየኝም። ቀስ በል እያልኩ እስከ መንገዱ ሮጥኩ። ጠፍሯ እጄ ላይ ነበረች። አንድ ዙር ብቻ ባስርስ ብዬ ትንሽ አሰብኩና ተመልሼ አልጋዬ ላይ ቋጠርኳት።