ቁምሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ልብ ወለድ

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር የሕዝብ ንባብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን ከባንኮኒው ኋላ አቆሙኝና «አንባቢ መደርደሪያ አይነካም። የፈለገውን በስሙ ይጠይቃል፤ አንቺ ታወጪለታለሽ» አሉኝ። ወሬ ስለምወድ ደስ አለኝ፤ የሚያነብ ሁሉ በእኔ በኩል ሊያልፍ ነው።

ኋላ አንድ የከተማው ወጣት ራሱን አጠፋ። ቤቱ ውስጥ የእኛ ማኅተም ያለበት ልብ ወለድ ተገኘ፤ ታሪኩ ራሷን ስላጠፋች ልጅ ነው። ከተማው ታመሰ፣ ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። ካድሬው «ተስፋ መቁረጥ የአድኃሪያን በሽታ ነው፤ መጽሐፉ ይቃጠል!» አለ። ቄስ ተክሌም ተነሱና «እንዲህ ያለ ሞት ፍትሐት እንኳ የለውም። መጽሐፉ ይዘጋ» አሉ። ካድሬና ቄስ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ፤ እስከዚያ መጽሐፉን ቁምሳጥን ውስጥ እንድቆልፍ ታዘዝኩ። እየተናደድኩ ቆለፍኩ።

በማግስቱ አንዲት ተማሪ መጣች። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ስንቋ በገበያ ቀን ይላክላታል። ያንኑ መጽሐፍ ጠየቀችኝ።

«ተቆልፏል» አልኳት።

አልሄደችም። ባንኮኒውን ይዛ ቆመች፣ እንባዋ ወረደ። ክው አልኩ። እኔ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም።

«ልጄ፣ ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ። ለሰው ልናገር ብዬ እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። መጽሐፉ ውስጥ የእኔን ነገር የሚናገር ገጽ አለ፤ እሱን ለንስሐ አባቴ ላሳያቸው ብዬ ነው።»

«ማናቸው?»

«ቄስ ተክሌ።»

በስመ አብ! ይዘጋ ያሉት ራሳቸው!

መጽሐፉን አወጣሁ፣ ንባብ ቤቱን ዘጋሁ፣ እጇን ይዤ ሄድኩ። ቄስ ተክሌ መጽሐፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ልጅቱ ግን ገጹን ገልጣ ሰጠቻቸው። አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ ነው?» አሉና አለቀሱ። ባለቤታቸው «እኛ ዘንድ ትደር፤ ብቻዋን አትሆንም» አሉ። ጤና ጣቢያም ወሰዷት፤ አባቷ ከአንበሳሜ እስኪመጡ እነሱ ቤት ሰነበተች።

ስብሰባው ሲደርስ ቄስ ተክሌ «መጽሐፉ ይከፈት። አንዲት ነፍስ ችግሯን የተናገረችው በእሱ ነው» አሉ።

«የማን ልጅ ናት?» አለ ካድሬው።

«በንስሐ የሰማሁትን አልናገርም።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ ጓድ? አንባቢዎችሽን ታውቂያለሽ።»

ስሟ ከወጣ ልጅቱ ከተማው ውስጥ መቆሚያ የላትም። «የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፣ ጓድ» አልኩ።

አፈጠጠብኝ። እኔም አላቀረቀርኩም። በመጨረሻ «እንግዲያው የሚወስደውን ሁሉ እያነጋገርሽ ስጪ፤ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው!» አለ። እሰይ፣ ይሁን! አልኩ በልቤ።

ልጅቱ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስሟን አሁንም አልናገርም።

ከባንኮኒ ኋላ ለምትቆሙ ሁሉ የምለው ይኼው ነው፤ መጽሐፍ የሚጠይቃችሁ ሰው የከፋው ከመሰላችሁ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቁት። አዎ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት።