እጮኛዋን ልታይ የሄደችበት እሑድ

በሱቆቹ መደዳ ልብስ ሰፊዋን የማያውቃት የለም። ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የወፈረ ሰው ልብስ ታሰፋለች፣ የከሳውን ታጠባለች። ስሟን ያስጠራው ግን ሙያዋ ሳይሆን ፍቅሯ ነው። አንድ የፊልም ተዋናይ አለ፤ እሱን ከልጅነቷ ጀምራ ስትወደው ኖራለች። የመደዳው ሰው «እጮኛሽ እንዴት ነው?» ይላታል። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ባሏም ከመንገድ ሲደውል ገና ሰላም ሳይላት «ጣውንቴ ደህና አደረ?» ብሎ ይጀምራል። አትቀየምም። ተዋናዩ በአንድ ፊልም መጨረሻ ላይ የሞተ ጊዜማ ሱቋን ሁለት ቀን ዘግታ፣ በሩ ላይ በካርቶን «በሐዘን ምክንያት ተዘግቷል» ብላ ለጥፋ ነበር። ደንበኞቿ ባሏ የሞተ መስሏቸው ሊያስተዛዝኗት ቤቷ ድረስ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ባሏ ራሱ ስለነበር አንዲት ሴትዮ ጮኻ ደረጃው ላይ ተዘርፍጣ ቀረች።

ታዲያ የተዋናዩ አዲስ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ነው፣ ገቢው በሙሉ ለኩላሊት ሕሙማን ይውላል፣ ሰውየውም በአካል ይገኛል ሲባል ስትሰማ የያዘችውን መቀስ ጥላ ነው የሮጠችው። ትኬት የቆረጠችው ሁለት ነው። ሁለተኛው ለታናሽ ወንድሟ ነበር።

ወንድሟ ሞባይል ጠጋኝ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ይኸው ጢም አብቅሎም «ማሙዬ» ትለዋለች። ሰሞኑን ግን ጠባዩ አላምር ብሏታል። እሑድ እሑድ ቤቷ ይመጣል፣ ከልጆቿ ጋር ይላፋል፤ ሻይ ስትቀዳለት ግን ከንፈሩን አስነክቶ ያስቀምጠዋል። ውኃ ስትሰጠውም እንደዚያው። ሰው ሁሉ ልብሱን አውልቆ መጣል በሚመኝበት ሙቀት እሱ እጅጌው እስከ አንጓው ነው። በአዘቦት ቀን ና ስትለው «ሥራ አለብኝ» ይላል። ነገሩን አውጥታ አውርዳ፣ ሴት ይዛዋለች ብላ ደመደመች። ሴትየዋን አንድም ቀን ሳታያት ጥርሷን ነከሰችባት።

«ማሙዬ፣ እሑድ ፊልም እንገባለን» አለችው ትኬቱን እያውለበለበች። «ከእጮኛዬ ጋር አስተዋውቅሃለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «የቱ ፊልም? ያ የእርዳታው?»

«እሱ ነዋ!»

«ባትሄጂስ እታለም?»

«ምን አልክ?»

«አይረባም ሲሉ ሰማሁ። ሰውየውም አይመጣም ይባላል። ደሞ አዳራሹ ይታፈናል፣ ራስሽን ያምሻል።»

«ያቺ ናት እንዲህ እያለች የምታስጠናህ?»

«የቷ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ! ሂድና እሷን ጠይቃት!»

ተኮራርፈው ተለያዩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ እጇ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ሄደች። በሩ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበርና እንዳታቆሽሸው ብላ በጎኑ በጎኑ ስትራመድ ጥበቃው «እሜቴ፣ በላዩ ነው!» ብሎ ሳቀባት። ከዚያ መኪናው መጣ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ሰውየው ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። አጭር ነው! ከበሩ ጥበቃ ትከሻ አይደርስም።

«ይኼ ነው?» አለች ሳታስበው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሰዎች ዞረው ገላመጧት። አንድ ዕድሜ ሙሉ በማይሆን ቁመት ሲያታልላት እንደኖረ ቆጥራ ትንሽ ተናደደች፤ ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ ግን ይቅር አለችው። ፍቅር እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ! ከጎኗ ባለመነጽርና ባለሽቶ የሆነች ወይዘሮ ተቀምጣለች። ተዋናዩ ፊት ለፊት የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው፤ ማጅራቱ ይታያታል። ማጅራቱን እያየች መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት፣ እርዳታው ስለሚደርሳቸው ሰዎች አጭር ነገር እንደሚታይ ተነገረ። ሸራው ላይ አንድ ሰው ረጅም ወንበር ላይ ጋደም ብሎ ታየ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ፊቱን በጭጋግ ሸፍነውታል፣ ድምፁንም አጎርንነውታል። ከክንዱ ሁለት ቱቦ ወጥቶ አጠገቡ ያለው ማሽን ውስጥ ይገባል፤ ቱቦዎቹ በደም ቀልተዋል።

«ደሜ ወጥቶ ታጥቦ ይመለሳል» አለ ሰውየው። «በሳምንት ሦስት ቀን፣ ግማሽ ቀን እዚህ ነኝ። ኩላሊቶቼ ሥራ አቁመዋል። ውኃ የምጠጣው በልክ ነው። ሰው ቤት ስገባ የሚከብደኝ እሱ ነው፣ ጠጣ ሲሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ከረጢቷ ውስጥ መሐረብ ፈለገች። «የማን ልጅ ይሆን?» አለች ለወይዘሮዋ። «እናቱ እንዴት ችላው ይሆን?»

ጠያቂው ተዋናዩን ያውቀው እንደሆነ ጠየቀው። ጭጋጉ ሳቀ።

«እሱን የምታውቀው እህቴ ናት። መንገድ ላይ ብታገኘው ባሏን ትፈታለች።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮዋን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «ለካ እንደኔ ያለች እብድ አለች!»

«አንዴ ፊልም ላይ ሲሞትባት» አለ ሰውየው፣ «ሱቋን ዘግታ የሐዘን ማስታወቂያ ለጠፈች። ሰው ባሏን ሊቀብር መጣላት!»

ሕዝቡ አውካካ። ተዋናዩ ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳቀ። እሷም አፏን ከፍታ ስትስቅ ነበር፤ ሳቁ እዚያው አፏ ውስጥ ደረቀ። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሚያሳፍር ነው፤ የኔን ታሪክ ለዚህ በሽተኛ ማን ነገረው ብላ ተቆጣች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሰውየው እግር ወረደ። ቀኝ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ማሙዬ የቤት ሥራ ሲሠራ ጠረጴዛው እየተነቃነቀ ሲያስቸግራት፣ ጉልበቱን ጨብጣ ታስቆመው የነበረው እግር ነው።

እጇ መሐረቡን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«እህትዎ ያውቃሉ?» አለ ጠያቂው።

«አታውቅም፣ አልነግራትም። ብነግራት በነጋታው ሐኪም ቤት ሄዳ አንዱን አውጡና ስጡት ትላለች። አውቃታለሁ። ሁለት ልጆች አሏት። አንድ ነገር ብትሆን ልጆቹን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እኔን አሳድጋኛለች፣ ይበቃታል።»

መብራት በራ። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነበር። ተዋናዩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እሱም ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይህ ሰው ጀግና ነው! ለእህቱ ብሎ ዝም ያለ ጀግና!» አለ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እሷ ብቻ ተቀምጣ ቀረች። ምን ብላ ታጨብጭብ? የሚጨበጨበው ለመታለሏ ነው። ልጅዋ ቀስ እያለ እየሞተባት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እሷ ሳታውቅ አወቀ፤ ያውም እየሳቀባት!

«ተነሺ እንጂ!» አለቻት ወይዘሮዋ መነጽሯን እያወለቀች። «ልብ የለሽም እንዴ?»

ተነሣች። የሰው እግር እየረገጠች፣ ይቅርታም ሳትል፣ ከረድፉ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ስትደርስ ተዋናዩ ከመድረክ ወርዶ፣ ካሜራ አስከትሎ፣ የሰው እጅ እየጨበጠ ወደ እሷ ሲመጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሽቶው ሸተታት። ፊቷ በእንባ መታጠቡን አይቶ ለእሱ ያለቀሰች መሰለውና እጆቹን ዘረጋላት።

«አይዞሽ እናቴ! ነይ፣ ፎቶ እንነሣ።»

«ዞር በልልኝ!» አለችው።

በዙሪያው ያለው ሁሉ ደነገጠ። የእሱም እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ከጎኑ ሾልካ፣ ቀዩን ምንጣፍ አቋርጣ ስትወጣ ያው ጥበቃ «እሜቴ፣ ፊልሙ እኮ አልተጀመረም!» እያለ ተከተላት፤ ዞራም አላየችው።

ወንድሟ የተከራያት ክፍል ሞባይል ከሚጠግንበት ሱቅ ጀርባ ናት። መንገዱን ሁሉ ስድብ ስትመርጥ መጣች። ውሸታም አለችው፣ ቀጣፊ አለችው፣ ልብህ ድንጋይ ነው አለችው፣ አንዱን ትታ ሌላውን እያነሣች። የሌለችውን ሴት ምን ያህል እንደረገመቻት ትዝ ሲላት ራሷንም ሰደበች። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ከአፏ ጠፋ። ሰማያዊ ቀሚሷን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ገባው።

«አለቀ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አላየሁትም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጠችና ሳትጠይቀው የእጅጌውን ቁልፍ ፈታች፣ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ክንዱ ላይ ከቆዳው ሥር አንድ ወፍራም ነገር ተጋድሟል፣ ዙሪያው በመርፌ ተበሳስቷል። በጣቷ ነካችው። ነዘራት፤ እንደሚሠራ ሞተር ውስጥ ውስጡን ይርገበገባል። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«ደሙ ነው» አላት። «ለማሽኑ ብለው የደም ሥሮቹን አገጣጥመውልኝ ነው። እንዲህ ነው የሚያደርገው። አትፍሪ።»

ተመልሳ መዳፏን ሙሉ አስቀመጠችበት።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

«ዓመት!»

«እታለም ስሚኝ። የምታስቢውን አውቃለሁ፣ አይሆንም። ሁለት ልጆች አሉሽ።»

«ሦስት ናቸው» አለችው።

ውጭ አንድ ሰው የሱቁን በር እያንኳኳ ሞባይሉ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ ማንም ሳይከፍትለት ሄደ። እግሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሳታውቀው እጇ ጉልበቱ ላይ አረፈ። እግሩ ሲቆምም እጇን አላነሣችም። በመጨረሻ እጁን እጇ ላይ ደረበ።

«የሰጪው ምርመራ በባዶ ሆድ ነው» አለ። «ነገ ጠዋት ምንም እንዳትቀምሺ።»